ባለ ደወሉ ካርድ

ዳንግላ በመምህርነት በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ገና ሲቃረብ፣ ካርድ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ካርድ መላላክ ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ወግ ነበር። አገሬው በገና ሰው ጠርቶ ያበላል እንጂ ወረቀት አይልክም። እኛ ግን ከየአውራጃው ተለቅመን የመጣን መምህራን ሰው ጠርተን የምናበላበት ቤት ስላልነበረን ወረቀት እንላላካለን። የወንደላጤ በዓል እንዲህ ነው።

ካርድ የሚሸጡት አንድ ሐጂ ብቻ ነበሩ። ከጨውና ከሳሙናው መደርደሪያ በላይ ሲባጎ ወጥረው ካርዶቹን ያንጠለጥሏቸዋል። አብዛኞቹ የፈረንጅ አገር ሥዕል ነበሩ። ፈረሱን ደጅ ያሰረ አንድ ገበሬ አጠገቤ ቆሞ በረዶ የለበሰ ቤት ያለበትን ካርድ ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «ይኼ ሁሉ ጥጥ የማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በረዶ ነው ብዬ ባስረዳው ዋሾ ሊለኝ ነው፤ «የባዕድ አገር ሰዎች ነው» ብዬ ተገላገልሁ።

ለእናቴ መምረጥ አላስቸገረኝም። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበትን አወረድሁ፤ እናቴ ማንበብ ባትችልም ትስመዋለች። ለዲሬክተራችን ከሁሉም ትልቁን ያዝሁ። ሰውዬው አክብሮትን በካርድ ስፋት ነው የሚለካው፤ ባለፈው ዓመት ትንሹን ሰጥቼው እስከ ሁዳዴ አኩርፎኝ ከርሟል። ለቤት አከራዬ ስኳርና አንድ ሳሙና ገዛሁ። አገውኛ እንጂ አማርኛ ብዙም የማትደፍር መበለት ነበረች፤ ካርድ ብሰጣት የግብር ወረቀት መስሏት ትደነግጥ ነበር።

የቀረችው እሷ ነች።

እሷ የቆሰበር ልጅ ነች። ያለፈውን ዓመት ከእኛው ትምህርት ቤት አስተምራ፣ መስከረም ላይ ወደ ጫግኒ ተዛወረች። በዳንግላ በአገውኛ ሰላምታ መስጠት ያስተማረችኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ ምላሴ ሲተሳሰር እንባዋ እስኪመጣ ትስቅብኛለች። እወዳት ነበር። አልነገርኋትም። ተማሪ ይሰማናል እያልን እርስ በርሳችን «እርስዎ» ነበር የምንባባለው። ወደ ጫግኒ የሄደች ዕለት ግን፣ ጭነት መኪናው ላይ ወጥታ ከተቀመጠች በኋላ፣ ጎንበስ አለችና፣ «አንተ፣ እንዳትረሳኝ» አለችኝ። መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ኅዳርን ያቺን «አንተ» ይዤ ኖርሁ። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፤ ደብተር አርማለሁ፤ ከዚያ የማናግረው ሰው የለም። በገበያ ቀን እንኳ ያ ሁሉ ሕዝብ በማላውቀው ቋንቋ ሲጫወት በመካከሉ አልፌ እገባለሁ። ብቸኝነት ይሉት ነገር ጫካ ውስጥ የሚገኝ ይመስለኝ ነበር።

ለእሷ መጀመሪያ አንድ ነጭ ሻሽ አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥሁት። ደግሞ አነሣሁት። ሐጂ ያዩኛል። ሻሽ መላክ ሽማግሌ ከመላክ አይተናነስም፤ ወሬውም ከሻሹ ቀድሞ ጫግኒ ይገባል። ተውሁትና ወደ ካርዱ ተመለስሁ። በቀይ ጥብጣብ የተሳሰሩ ሁለት የወርቅ ደወሎች ያሉበት አንድ ካርድ ነበር። ከሥሩ በወርቅ ቀለም አንዲት የባዕድ ቃል ተጽፋለች።

«ይኼ ምን ይላል፣ ሐጂ?»

«ጣሊያንኛ ነው። መልካም ምኞት ነው ብለውኛል።»

«ለገና ይሆናል?»

«ለሁሉም ይሆናል፣ መምህር። ዋናው መላኩ ነው።»

ደወል የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ገናም የቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ገዛሁት።

ቤት ገብቼ ብዕሬን አነሣሁ። «እንኳን አደረሰ» እስከሚለው ድረስ በሐሳቤ ጻፍሁና ተገታሁ። ከዚያ በኋላ ያለችው ፊደል «ሽ» ናት ወይስ «ዎ»? «ሽ» ብል፣ ይኼ ሰው አንድ ቃል ቢጥሉለት ዘሎ ጉያ ገባ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። «ዎ» ብል፣ ራሷ የሰጠችኝን «አንተ» መልሼ ፊቷ ላይ መወርወር ይሆናል። ምን ዓይነት ቋንቋ ነው አማርኛ፤ ከሰው ጋር ያለህን ነገር ሳትናዘዝ ሰላም እንኳ አያስብልህም! «እንኳን አደረሰን» ማለት ይቻል ነበር። ይህች ብልሃት የመጣችልኝ ከዓመታት በኋላ፣ ምንም በማትጠቅመኝ ጊዜ ነው። በመጨረሻ የካርዱ ቃል ይናገርልኝ ብዬ «ከአክብሮት ጋር» አልሁና ስሜን ብቻ ጻፍሁ። በማግሥቱ ወደ ጫግኒ ለሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጠሁት።

የገና ዕለት አከራዬ በሳህን ምግብ አመጣችልኝ፤ ዘመዶቿ ይጠብቋት ስለነበር ቶሎ ሄደች። ከዲሬክተሩ ጣት የምታክል ካርድ ደረሰችኝ። ከሜዳው የገና ተጫዋቾች ሁካታ ይሰማ ነበር። ወጥቼ ዳር ላይ ቆምሁ፤ ለማን እንደምጮህ ስላላወቅሁ ተመለስሁ። ከጫግኒ ምንም አልመጣም።

ሹፌሩ የተመለሰው ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። መኪናው ቆሰበር ላይ ተሰብሮ ከርሞ፣ ካርዱን ያደረሰላት ጥምቀት ካለፈ በኋላ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ በገለባ የተጠቀለለ ነገር ከወንበሩ ሥር አወጣ።

«ይኼን ሰጥታኛለች። እንኳን ደስ ያለህ ብላለች።»

«እንኳን አደረሰህ ማለቷ ይሆናላ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ደስ ያለህ ነው ያለችው።»

ሹፌር መቼ መልእክት አስተካክሎ ያደርሳል ብዬ አለፍሁት። ገለባውን ስፈታ ሁለት ብርሌዎች ወጡ፤ አንገታቸው ቀጭን፣ ንጹሕ መስተዋት። አከራዬ በር ላይ ቆማ አየቻቸው። «ሁለት?» አለች በዚያች በተቆጠሩ ቃላት በምትናገራት አማርኛዋ። «ሚስት ልታመጣ?»

ሳቅሁ። ውስጤ ግን አመነ። ለብቻው የሚኖር ሰው ሁለት ብርሌ የሚላክለት ለምንድን ነው? አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ ነው። ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቿ ወደ ቆሰበር ትመጣለች፤ ከቆሰበር ዳንግላ ቅርብ ነው። ግድግዳውን በነጭ አፈር አስለሰንሁ። ሁለተኛ ወንበር አሠራሁ። ልጽፍላት ስቀመጥ ያችው ፊደል እየመጣች ትይዘኛለች፤ ስትመጣ በአፌ እነግራታለሁ እያልሁ ተውሁት። ብርሌዎቹን በየሳምንቱ አጥባለሁ፤ ማንም አልጠጣባቸውም።

ፋሲካ መጣ፤ እሷ አልመጣችም። ከበዓሉ በኋላ አንድ ተማሪ ፖስታ አመጣልኝ። ስከፍተው ሁለት የወርቅ ደወሎች፣ ቀይ ጥብጣብ፣ ያችው የባዕድ ቃል። ልቤ ዘለለ፤ የእኔኑ ካርድ መልሳ የላከችልኝ መሰለኝ። ገለጥሁት። የሠርግ ጥሪ ነበር። የእሷ ስም፣ ጎኑ ላይ የአንድ የጫግኒ ጤና ረዳት ስም፤ ከታች፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ «ከነባለቤትዎ እንዲገኙልን» ይላል።

ከነባለቤትዎ። ካርዱን አየሁ፤ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብርሌዎች አየሁ። በዚያ አገር በደወልና በጥብጣብ የሚላከው የሠርግ ካርድ ነበር፤ እኔ እንግዳው አላወቅሁም። ገና ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በሚያገባበት በጥር፣ ባለ ደወል ካርድ ደረሳት። ከውስጡ «ከአክብሮት ጋር» እና የእኔ ስም ብቻ ነው ያለው። ያገባሁ መስሏታል። ብርሌዎቹ የሠርጌ ስጦታ ነበሩ።

ሐጂ ሱቅ ሄጄ ያንን ነጭ ሻሽ ጠየቅሁ። አሁንም አልተሸጠም። ለሙሽራ ሻሽ ቢሰጡ ማንም ምንም አይልም። ሐጂ ሲጠቀልሉልኝ፣ «በመጨረሻ ቆረጥህ» አሉኝና ፈገግ አሉ። ጨካኝ ሰው አልነበሩም፤ ስላላወቁ ነው።

ቆሰበር እስክደርስ ድረስ የምላትን ሳጠና ሄድሁ። ሚስት የለኝም እላታለሁ፤ ካርዱ የገና ነበር እላታለሁ። ከዚያ በኋላ የምትለውን እሷ ታውቃለች። በቀርከሃ የተሠራው ዳስ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ደጁ ላይ ፈረሰኞች ይጋልባሉ፤ ዘፈኑ ሁሉ በአገውኛ ነው። አስተማሪ ነችና እንደ ሌላ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ አልተቀመጠችም። ገና ከሩቅ ስታየኝ ተነሣች። ሙሽራውም አብሯት ተነሥቶ፣ እንግዳ እንዳከበረ ሰው፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ደግ ፊት ነበረው፤ ይህም አናደደኝ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። እርስዎ ሆኛለሁ። ከኋላዬ፣ በሰዉ መካከል፣ በዓይኗ ስትፈልግ ቆየች። «ባለቤትዎን ለምን ይዘዋት አልመጡም? ላያት እንዴት ጓጉቼ ነበር!»

ያጠናሁት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ሙሽራው እጄን አልለቀቀም።

«አሟት ነው» አልሁ።

ፊቷ በእውነተኛ ሐዘን ተሞላ። «ውይ፣ እግዜር ይማርልዎ» አለችኝ።

«አሜን» አልኋትና ሻሹን ሰጠኋት።