ወይዘሮ አጸደ የመረጧት ራውተር

ለወይዘሮ አጸደ ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች በሙሉ፤

ብዙ ዘመን በቴሌፎን ቴክኒሻንነት የሠሩት፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ መፍቻቸውን ያላስቀመጡት ወይዘሮ አጸደ፣ አፍንጮ በር ባለው ቤታቸው ካረፉ ዛሬ አርባኛ ቀናቸው ነው። ከቀብሩ የቀራችሁ፣ ወሬውም ያልደረሳችሁ ትኖራላችሁና ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ደምሴ ነኝ። ፒያሳ ውስጥ ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሆኖም ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ተስፋ የቆረጡበትን ዕቃ አፍ አውጥቶ እንዲናገር ያደረግሁ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ወይዘሮ አጸደ ግን ይበልጡኝ ነበር። እንዲህ ብዬ ስለ ማንም ጽፌ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው የምንሰበሰብ አምስት ሰዎች ነበርን። ሥራችን ለቤት ራውተር ፈርምዌር መሥራት ነው፤ ማለትም ኢንተርኔቱን በየክፍሉ የምታከፋፍለውን ሣጥን ከውስጥ የሚያዝዘውን ፕሮግራም። የእኛው አማርኛ የሚናገር፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚወሰድ ነው። ስንሠራበት የኖርነው ራውተር ግን ሜሞሪው ጠበበን፤ ከገበያም ጠፋ። አዲስ መምረጥ ግድ ሆነ። እኛ ዓመታት ልንሠራበት፣ ሰዎችም እኛን አምነው ቤታቸው ሊያስገቡት ነውና ምርጫው ቀላል አልነበረም።

እኔ ስድስት አንቴና ያለው፣ ጥቁር፣ ጉልበተኛ ዕቃ ይዤ መጣሁ። ኮዱን የሚጽፈው ሔኖክ አየውና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ራውተር ነው ወይስ ሸረሪት?» አለኝ።

«ሸረሪት ከሆነ ድሩ አራዳን አልፎ ይዘረጋል። አንተ ኮድህን ጻፍ!» አልሁት።

ወይዘሮ አጸደ ያቀረቧት ሁለት አንቴና ያላት፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምትመስል ነጭ ራውተር ነበረች። ሳቅሁባት። እሳቸው አልተቆጡም። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ከማሞገሳቸው በፊት ይገድሉታል። ፈርምዌሩ እየተጫነ ሳለ መሃል ላይ ገመዱን ከሶኬቱ ይነቅላሉ። ምነው ሲባሉ፣ «መብራት ሲጠፋ አስፈቅዶን ያውቃል?» ይላሉ። «ሲሠራማ ሁሉም ጎበዝ ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ከሞተ በኋላ ማን ሊያነሣው እንደሚችል ነው።»

ሁለቱንም ገደሏቸው። የነጯን ከኋላዋ ያለ ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ጫን አድርገው ቢይዙ፣ የማዳኛ ገጿን ስልካቸው ላይ ከፈተች፤ ፈርምዌሩን እንደገና ተቀብላ ተነሣች። የእኔው ጥቁር ግን ድርግም ብሎ ቀረ።

«በሳምንት አስነሣዋለሁ!» ብዬ ፎከርሁ። ሳምንቱ አለቀ፤ አልተነሣም። እዚህ ላይ ማንም ሳያስገድደኝ የምጽፈው ነገር አለ። ከዚያው ከሱቁ የእሱኑ መንትያ ገዛሁ፤ የእኛን ፈርምዌር ጫንሁበት፤ ቅዳሜ «ይኸውላችሁ!» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ሁሉም አጨበጨበ። ሔኖክ ሳይቀር «ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ» አለ። የሁሉም ልብ ወደ ጥቁሩ ያዘነበለው ያን ቀን ነው።

ወይዘሮ አጸደ የሚገድሉትን ዕቃ መለያ ቁጥር በደብተራቸው ይመዘግቡ ነበር። ራውተሩን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ቁጥር አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በሩ ላይ አስቀሩኝና፣

«ጋሼ ደምሴ፣ ይሄኛው ታሞም አያውቅም። ሰኞ ሟቹን ያምጡልኝ፤ አብረን እንየው» አሉኝ።

ሰኞ ሄድሁ። ወገባቸውን እያመማቸው ቀኑን ሙሉ አብረውኝ ተቀመጡ። ፈርምዌሩ የሚቀመጥበትን ቺፕ ነቅለን፣ በሌላ መሣሪያ ጽፈንበት፣ መልሰን በየድነው፤ ጥቁሩ በራ። ብየዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ብየዳ የሚሠራ ሌላ ሰው በከተማው ውስጥ አላውቅም።

«አዩ፣ ይነሣል!» አልኋቸው።

«ተነሥቷል፤ እጅዎ ይባረክ። ግን እርስዎ አንድ ነዎት፤ ራውተሩ የሚገባው ስንት ቤት ነው? ደብረ ማርቆስ ያለች መምህርት ቺፕ ትንቀል?»

«ለምን በሰው ፊት አላጋለጡኝም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እርስዎ ራስዎ ቢናገሩት ያምራል ብዬ» አሉኝ።

ሁለት ቅዳሜ አለፈ፤ አልተናገርሁም። ሦስተኛው ሳይደርስ ወይዘሮ አጸደ ዐረፉ። ምስጢሬን ይዘውልኝ ሄዱ፤ ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ለመወሰን ስንሰበሰብ፣ «ጋሼ ያስነሡት ጥቁሩ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ሊያልፍ ደረሰ። ተነሣሁ። መንትያውን፣ ቁጥሩን፣ ሰኞ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። ሔኖክም፣

«እንግዲያው ጋሼ፣ ጭብጨባችንን ይመልሱልና» አለ። እያለቀስን ሳቅን። ነጯን መረጥን።

እትዬ አጸደ፣ በነጯ ላይ የሠራነው ፈርምዌር ለሙከራ ወጥቷል። ራውተሩ ሲሞት እንዴት እንደሚነሣ የሚያስረዳውን መመሪያ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አሳምሬም ነው የጻፍሁት። ባለፈው ሳምንት ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች የምትኖር አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ፈርምዌሩን ስትጭን መብራት ጠፍቶባት ራውተሯ ሞቶ ነበር። መሣሪያዬን እየሰበሰብሁ ቤቷ የት እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ኧረ አይምጡ አባባ፤ መመሪያውን አንብቤ ራሴው አስነሥቼዋለሁ። ላመሰግን ነው የደወልሁት» አለችኝ። በዚህ ሙያ ሳረጅ ሰው «አይምጡ» ሲለኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ይህን ደስታ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በሰላም ይረፉ፣ እትዬ፤ እዚህ ሰዎች በገዛ እጃቸው እያስነሡት ነው።