የተደፋው ከርከዴ

እትዬ ያን ኩባያ ከርከዴ የደፉት ሆን ብለው ነው ወይስ እጃቸው ስቶ? እስካሁን አላውቅም።

የያዙኝ ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ፣ ቤቴ በር ላይ ነው። ከቁረይሻ እርሻ ታፍሰው ስለተወሰዱ የቀን ሠራተኞች አቤቱታ ጽፌ ነበር። ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ የሰው እጅ ያወዛው። የሰሊጥ ጆንያ ትሸታለች፤ ቀድሞ መጋዘን ሳትሆን አትቀርም። ውስጧ አንድ ሴት ብቻ ነበሩ፤ ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሻይ የሸጡ የጎንደር ሰው። በአፈሳ ነው የተያዙት። እኔ እትዬ አልኳቸው። እሳቸው፣ መምህር አይደለሁም ብላቸውም፣ "ኡስታዛ" አሉኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ስለሆነ ያነበብኩት አይረሳኝም። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ አወራላቸው ነበር። አንድ ቀን የፔኒሲሊንን ነገር ነገርኳቸው፦ ያገኘው ሐኪም የጀርም ማራቢያ ሳህኖቹን ሳያጥብ ዕረፍት ሄደ፤ ሲመለስ አንዱ ሻግቷል፤ ሻጋታው አጠገብ የነበሩት ጀርሞች ግን ሞተዋል፤ መድኃኒቱ ከዚያ ወጣ፣ እሱም ተሸለመ።

"ሳያጥብ ሄደ?" አሉ እትዬ።

"አዎ።"

"እኔ አንድ ብርጭቆ ሳላጥብ ባድር ደንበኛ ይሸሸኛል። እሱን ሸለሙት?"

"ሸለሙት።"

"ወይ ወንድ መሆን!"

ሳቅን። ዘበኛው በሩን በቁልፉ መታ።

በማግስቱ ከመደርደሪያ ወድቆ ስለተሰነጠቀው፣ ግን ስላልተበተነው ጠርሙስ ነገርኳቸው፤ የማይበተን የመኪና መስተዋት ከዚያ ነው የመጣው። ይህኛው አሳሰባቸው።

"እኔ ስድስት ብርጭቆ በአንድ ሳህን ይዤ በጋሪና በበግ መሃል አልፋለሁ። አንድ ጠብታ ደፍቼ አላውቅም" አሉ። "እንግዲህ እኔ ምንም አላገኝማ!"

በአሥራ አንደኛው ቀን መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣልኝ። አቤቱታውን አብረውኝ ያዘጋጁትን ሰዎች ስም እንድጽፍለት ነው።

"እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ጨርሺ፤ ዛሬ ቤትሽ ታድሪያለሽ" ብሎኝ ወጣ።

ጻፍኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አራት ስም ከነአባታቸው፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

እትዬ ማንበብ አይችሉም። የሚያዩት ፊቴን ነበር።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"ስም።"

"የማን?"

እስክሪብቶውን ከደንኩ።

እህታቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ የላኩላቸው ከርከዴ፣ ያ ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ነበር። በኩባያ ቀድተው ሊያቀብሉኝ ጎንበስ አሉ፤ ኩባያው ወረቀቱ ላይ ተገለበጠ።

"ዉይ፣ እጄን!" አሉና በተጠቀለሉበት ረጅም ቶብ ጫፍ ወረቀቱን ያደርቁ ጀመር። አደራረቃቸው ልብስ እንደሚያሽ ሰው ነበር። ሲጨርሱ መዳፋቸው ላይ የቀረው ቀይ ሊጥ ነው።

"ማዐለሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ኡስታዛ" አሉኝ። "አጋጣሚ ነው።"

መርማሪው ሲመለስ ሊጡን አየና ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። የራሴን ስም ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጽፌ መለስኩለት።

"ሌሎቹስ?"

"ይኸው ነው።"

እትዬን በነጋታው ለቀቋቸው። እኔ ሁለት ወር ቆየሁ። ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት ገበያ ነበር፤ እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላት ሴት ሻይ ታፈላለች። አታውቃቸውም። ብጠይቃቸውም ያው "አጋጣሚ ነው" የሚሉኝ ይመስለኛል። ሐኪሙም ቢሆን የሻገተውን ሳህን ከመድፋቱ በፊት አስተውሎ አይቶታል። እሳቸው ደግሞ ከርከዴው ከመደፋቱ በፊት የእኔን ፊት አዩ።

ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ። ወረቀቱ ላይ ስሟ ሦስተኛ ሆኖ ለተጻፈ ልብስ ሰፊ።

"ስምሽን ጽፌው ነበር" አልኳት፤ ከዚያ ሁሉንም።

የስፌት መኪናዋን አቆመች። ክሩን በጣቷ ጠቀለለች። ከዚያ ተነሥታ ከርከዴ ቀዳችልኝ፤ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችው።

"ቀስ ብለሽ ያዥው" አለችኝ። "እንዳይደፋብሽ።"