ነዳጁ እስኪረክስ

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ልወጣ ዋዜማው ላይ፣ ማታ፣ እማዬ የኮቴን ቁልፍ ልትተክል መርፌ ይዛ ተቀመጠች። ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ስትልከው በጎን ያልፋል፤ በምራቋ ታሾለዋለች፣ ደግሞ ትልከዋለች፣ ደግሞ ያልፋል። "አምጪው እማዬ" ብላት "አንተ ስትሄድ ማን ሊያስገባልኝ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ። ያን ጊዜ ዓይኗ ደከመ እንጂ አልጠፋም ነበር፤ እኔም የኩራዙ ነው ብዬ አለፍኩት። አባቴ የተወልን ጥቂት በጎችና በሬ የማያዞር መሬት ነው፣ እሷም እኔም ከእሱ ልንበላ አንችልም፤ ስለዚህ አንዳችን መውጣት ነበረብን። በሶና ቆሎ ቋጠረችልኝ፣ የበግ ጠጉር ባና ደረበችልኝ፣ ሲነጋ ወደ ጅማ ተሳፈርኩ።

ስደት ማለት ባሕር መሻገር ነው የምትሉ ካላችሁ አልከራከራችሁም። እኔ ግን የጊቤን ቁልቁለት ስወርድ ላቤ በጀርባዬ እየፈሰሰ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ በኦሮምኛ የሚያወራኝን አንድ ቃል ሳልሰማ ራሴን ብቻ ስነቀንቅ፣ አገሬ ከኋላዬ እንደቀረች ገብቶኛል። ባናውን እዚያው አወለቅኩት። እስከ ዛሬም ለብሼው አላውቅም።

ጅማ ዝናብ አይሰለቻትም። መንዝ ላይ ዝናብ ሲመጣ ተቆጥቶ፣ በረዶ ይዞ ነው፤ እዚህ ግን እንደ ጎረቤት ያለ ምክንያት ጎራ ይላል። አቮካዶው መሬት ላይ ወድቆ ሰው አያነሳውም፣ ማሩም እንደ ልብ ነው፣ የገብስ ቂጣ ግን ብትሞት አታገኝም። ሰዉ ደግ ነው፣ ሰላምታው ረጅም ነው፤ አንድ ሰው ስለ ጤናህ፣ ስለ ቤትህ፣ ስለ ከብትህ ጠይቆህ ሳይጨርስ ባጃጁ ያመልጥሃል። ከብት እንደሌለኝ ለማስረዳት አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

መታወቂያ ልጠይቅ ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

"መሸኛ አለህ?"

"የሚፈርምልኝ ሰው ስብሰባ ገብቶ ነበር።"

"መቼ?"

"ስወጣ።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ እኔ እዚህ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?"

"እንግዲያው ስብሰባው ሲያልቅ ና።"

ስብሰባው ስምንት ወር ፈጀ። እስከዚያው የስልክ መስመር በስሜ ማውጣት አልቻልኩም፣ ሰው እንጂ ሰነድ አልነበርኩም። ቤት ያከራዩኝ፣ በኋላም ባጃጃቸውን አምነው የሰጡኝ አዴ ዘሃራ ናቸው። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር ከግቢያቸው ጥግ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሰጡኝ። ሴትየዋ ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲያዝኑ በአማርኛ፣ ሲምሉ በአረብኛ ነው። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ኪራይ ይጨምራሉ።

"አዴ ዘሃራ፣ ቤቱ እኮ ነዳጅ አይጠጣም" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ቤቱ አይጠጣም፤ ቲማቲሙ ይጠጣል፣ ዘይቱ ይጠጣል። ወላሂ፣ እኔ የምበላው ሁሉ ነዳጅ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። በስልክ የምትልክልኝ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጨምርበት፣ ሳወጣው ይቆርጡብኛል።"

መጀመሪያ የለመድኩት ኦሮምኛ "ሂን ጂሩ" የሚለው ነው፤ የለም ማለት ነው። ማደያው በር ላይ ጠባቂው እጁን እያወዛወዘ "ቤንዚን ሂን ጂሩ!" ይለናል፣ እኛም ባጃጆቻችንን አሰልፈን እንቀመጣለን። ሲኖርም ችግር ነው። ማደያው የሚቀበለው በስልክ ብቻ ነው፤ ተሳፋሪው የሚከፍለኝ ደግሞ የተቀዳደደ ብር ነው። ብሩን ወደ ስልክ ለማስገባት ከማደያው ፊት ለፊት ያለች ኪዮስክ እሄዳለሁ። ባለ ኪዮስኩ ለራሱ ሳይቆርጥ አያስገባም።

"ማስገባት እኮ በሕግ ነጻ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ሕጉ ጋ ሄደህ አስገባ" አለኝና ቀጣዩን ጠራ።

እኔ ሥራዬ ሰው ማመላለስ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ብርን ከወረቀት ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ወረቀት ማመላለስ ነው። በየመንገዱ ይንጠባጠባል። ዋጋው ጨመረ ሲባል ታሪፍ እንጨምራለን፣ ተሳፋሪው ይሰድበናል። አንዲት እናት ከሰርቦ ገበያ ሲመለሱ አሳፍሬያቸው ሒሳቡን ስነግራቸው "እኔን የጫንከኝ እንደ ሰው ነው እንደ ቡና?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው መምህር ጌታቸው ከአገር የደወለው። የእማዬ ጎረቤት ነው፣ የምንገናኘው በእሱ ስልክ ነው። "እናትህ ትናንት የኔን ልጅ አንተ ነህ ብላ ሳመችው" አለኝ። ሞራ ነው፣ ሁለቱንም ዓይኗን ሸፍኖታል። ጅማ ውስጥ የሚገፍፉ ሐኪሞች አሉ፤ ጠየቅኩ፣ ይድናል አሉኝ፣ ብቻ አትዘግይ አሉኝ። ሄጄ ላመጣት ወሰንኩ። ለእኔ መሄጃ፣ ለሁለታችን መመለሻ፣ ባጃጁን ለማቆምበት ሳምንት ብር ማጠራቀም ጀመርኩ። ሞላልኝ ስል ነዳጅ ይጨምራል፣ ትራንስፖርቱ ተከትሎት ይጨምራል። "እማዬ፣ ነዳጅ ጨመረ፣ አንድ ወር ጠብቂኝ" እላታለሁ። "ይሁና፣ ጨለማውን ለምጄዋለሁ" ትለኛለች። ያን ጊዜ የምነግራት እውነት ነበር፤ ይህን እወቁልኝ።

ቶሎ እንዲሞላልኝ ብዬ እንደ ሌሎቹ ማድረግ ጀመርኩ። ቤንዚን በተገኘ ቀን ታንከሬን ሞልቼ እመጣለሁ፣ ቤት ስገባ በጎማ ስቤ ወደ ጀሪካን እገለብጠዋለሁ፣ ተመልሼ እሰለፋለሁ። ጀሪካኑን አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ክዳኑ ስለጠፋ በጨርቅ ወተፍኩት። አዴ ዘሃራ እንዳያውቁ ክፍሌን ራሴ እጠርጋለሁ። ቤንዚን ሂን ጂሩ በተባለ ቀን ሌላው ቆሞ ሲውል እኔ እሠራለሁ፤ ብልህ ሆኜ ነበር።

ቀኑ ሃያ አንድ ነበር፣ የእመቤታችን ዕለት። ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ፣ መብራት የለም። እናንተ የአገሬ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ እኛ ቤት በሃያ አንድ ጧፍ ሳይበራ ሥራ አይጀመርም። እማዬ እንዳስለመደችኝ ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከአልጋው ራስጌ ካለችው ሥዕል ፊት ተንበረከክኩ። ሽታው አልሸተተኝም፤ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ውስጥ የሚውል ሰው ቤንዚን አይሸተውም። "እመቤቴ፣ የእናቴን ዓይን አብሪልኝ" አልኩና ክብሪቱን ጫርኩት።

ያየሁት ብርሃኑን ብቻ ነው።

አዴ ዘሃራ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር። በሩን ገንጥለው የገቡት እሳቸው ናቸው፤ ያቺ ቀጭን ሴትዮ። በነጠላዬ ጎትተው አወጡኝ፣ የዝናብ ውሃ ከሚያጠራቅሙበት በርሜል ደፉብኝ። ክፍሏ ስትነድ ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲ ይዞ መጣ። ሐኪም ቤት በራሳቸው ባጃጅ ጎረቤት አስነድተው ሲወስዱኝ መንገዱን ሙሉ ተናገሩኝ።

"ቤንዚን አልጋ ሥር? ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

"ይቆጡኛል ብዬ።"

"እቆጣ ነበር" አሉኝ እያለቀሱ። "በተቆጣሁህ ኖሮ!"

ከሐኪም ቤት ስንወጣ የቃጠሎ ቅባት ልንገዛ መድኃኒት ቤት ገባን። ሻጩ ፋሻዬን እያየ "በካርድ ከሆነ ጭማሪ አለው" አለ። አዴ ዘሃራ በጥሬ ብር ከሆነስ ሲሉት "መልስ የለንም፣ ዝርዝር ይዘው ይምጡ" አላቸው። የምን ጭማሪ ነው ብለው ጮኹበት።

"የእኔ አይደለም እናቴ፣ የማሽኑ ነው።"

"ማሽኑስ ይማርህ ይለዋል?" ብለው ካርዳቸውን ወረወሩለት።

ዓይኖቼ ተረፉ። የቀረውን ብዙም አልተርክላችሁም። ግራ ጉንጬ ወደ አንገቴ ተጎትቷል፣ ቅንድብ የለኝም፣ ከንፈሬ በአንድ በኩል አይገጥምም፣ ጆሮዬም እንደ ቀለጠ ሻማ ሆኗል። ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። አንገቴን ጠምጥሜ ነው የምነዳው፣ የባጃጁን ስፖኪዮ መስታወት ከእኔ አዙሬዋለሁ። አንዳንዱ ተሳፋሪ ሊገባ ጎንበስ ይልና ስልኩ የጠራ አስመስሎ ትቶኝ ወደ ቀጣዩ ባጃጅ ይሄዳል። አልፈርድበትም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? ለዓይንሽ ስለት ጧፍ ስለኩስ ተቃጠልኩ ልበላት? እድሜዋን ሙሉ የለኮሰችውን ልታጠፋው ነው። አዴ ዘሃራ ግን ሁሉን ያውቃሉ። አንድ ጠዋት የተሰጣ ቡናቸውን ከተመረገው መሬት ላይ እያገላበጡ ሳለ ጠሩኝ።

"ሂድና አምጣት። ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ። እናት ናት።"

"ነዳጁ እስኪረክስ ብዬ ነው አዴ ዘሃራ።"

የቤት ኪራይ የሚጨምሩበትን ምክንያት ለይተው የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ ሰው ነዳጅን ሲያመካኝ አይጠፋቸውም። "ኦብሲ" ብቻ አሉኝ፤ ቻለው ማለት ነው።

በየሳምንቱ እማዬ ትጠይቀኛለች፣ በየሳምንቱ ጨመረ እላታለሁ። ባልጨመረ ሳምንትም ጨመረ ብያታለሁ። እኔ የምፈራው ሐኪሙን አይደለም፣ መንገዱንም አይደለም። እናቴ ዓይኗ እንዲበራ እፈልጋለሁ፣ ደግሞ እንዳይበራ እፈልጋለሁ። ይህን ጽፌ ሳየው ራሴን እጠየፋለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። እኔ በእማዬ ጨለማ ውስጥ እስካሁን መልከ መልካም ነኝ።

ትናንት በመምህሩ ስልክ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ልጅ ይፈነድቃል።

"ልጄ፣ በጎቹን ሸጥኳቸው!"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ዋጋው ጥሩ ነው አሉኝ፣ በጎችም እንደ ነዳጁ ጨምረዋል። የመምህሩ ልጅ ጅማ ለትምህርት ተመድቧል፣ አብሬው እመጣለሁ። ቲኬቱን በስልክ ቆረጠልኝ፣ የስልኩ የሚሉትን ጭማሪ ሳይቀር ከፍያለሁ። ማክሰኞ እገባለሁ፤ መናኸሪያ ጠብቀኝ።"

"እማዬ… ትንሽ ብትቆዪ…"

"እስከ መቼ? ነዳጅህ እንደሆነ አይረክስም።" የመንዝ ነፋስ በስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል። "ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታልኝ መጀመሪያ አንተን ነው የማየው፣ ሌላ ሰው አልፈልግም። ከፊቴ እንዳትጠፋ፣ እሺ?"

"እሺ እማዬ" አልኳት።