ከእጃቸው የጎረሰው ሰው

በአካባቢያችን ከሳን ሆዜ እስከ ዳብሊን ያላችሁ፣ እትዬ አስካለን የምታውቁ ሁሉ፤ እትዬ አስካለ ባለፈው ሰኞ እዚሁ ኦክላንድ፣ ልጃቸውን ዳዊትን እንደጠበቁ አረፉ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ቀለም ብዙ አልቆጠርኩምና እንደማውቀው ልጻፍ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆስፒታል ወለል ሲያጸዱ ኖሩ። አዲስ ስደተኛ ገባ ሲባል ብርድ ልብስ ይዘው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ደግሞ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ለኮንግረስማናችን፣ ለምክር ቤት ተወካያችን ማለት ነው፣ «ምረጡት» እያሉ የየአፓርትመንቱን በር ያንኳኩ ነበር። ሰውየው ብዙ ዘመን የተመረጠ ነው። በምርጫ ሰሞን የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ እትዬ አስካለ ጋቢ አለበሱት፣ አጎረሱት። «ከእጄ የጎረሰ ሰው አይክደኝም» ይሉ ነበር። ሁላችንም እንደዚያው አመንን።

ዳዊት ያለው ካምፓላ ነው፤ ወደ እናቱ የሚመጣበትን ወረቀት እየጠበቀ። የቤተሰብ ፕሮሰስ የሚያፋጥን ሕግ ለድምፅ ሊቀርብ ሲል ኮንግረስማኑ «አለሁላችሁ» ብሎን ሄደ። ሕጉ ለጥቂት ወደቀ። ሜሮን የምትባል የጎረቤት ልጅ የሰውየውን ድምፅ ስልኳ ላይ ቼክ አደረገች።

«እማማ፣ ‹የስ›ም ‹ኖ›ም አላለም። ድምፅ ሲሰጥ አልተገኘም» አለቻቸው።

ወደ ኋላ እየሄደች ብታይ፣ የስደተኛ ነገር በቀረበ ቁጥር እንደዚያው ነው። ንግግር ግን አድርጓል።

በሚቀጥለው ስብሰባ እትዬ አስካለ ተነሡና፣ ሜሮን እየተረጎመችላቸው፣ «የት ነበርክ?» አሉት።

«ሁልጊዜም ከእናንተ ጋር ነኝ» አለ።

«እሱማ እዚህ ከእኛ ጋር ነህ። የጠፋኸው እዚያ ነው።»

ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ቤት ስወስዳቸው በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ «ለካ ጠግቦ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የማንንም በር አላንኳኩም።

ለቀብራቸው መጣ። ያንኑ ጋቢ ለብሶ ስለ ደግነታቸው አሳምሮ ተናገረ። ሜሮን ስልኳን ወደ ሳጥኑ አዙራ ይዛ ነበር፤ ዳዊት ከዚያ ማዶ ያለቅሳል።

እትዬ አስካለ፣ ሰውየውን ከበር ልመልሰው ነበር፤ እርስዎ እንግዳ ሲመለስ አይወዱምና ተውኩት። ለድምፁ ያልተገኘ ሰው ለቀብርዎ በሰዓቱ ተገኘ። አፈር ማልበሱ የዳዊት ነበር፤ እሱ ስለሌለ እኔ ጣልኩልዎ። ከከበደዎት ይቅር ይበሉኝ፤ የልጅ እጅ አይደለም።