የጥሩብርሃን እሺ

መጻፍ የማይችል ሰው ሲጽፍ አንባቢን ያደክማል፤ አውቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ ነው፤ ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ዛሬም በደንብ አልለየሁትም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ስለ ጥሩብርሃን ሌላ ሰው ይጽፋል ብዬ ብጠብቅ የጻፈ የለም፤ ስለዚህ እንደምንም ሞከርኩት።

ጥሩብርሃን ጎረቤቴ ናት፤ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነው የምንኖረው። ሥራዋ ኬርጊቨር ነው። ኖርዝጌት ያሉ ሄለን የሚባሉ ፈረንጅ ባልቴት ትጦራለች። ሴትዮዋ ድሮ አስተማሪ ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ፈዟል። አንዲት የጥንት እንግሊዛዊት ደራሲ ስለሚወዱ፣ የእሷን መጻሕፍት ማንበብ የጥሩብርሃን ሥራ ሆነ። መጀመሪያ በየቃሉ ትደናቀፍ ነበር። ባልቴቷ ሳይቆጡ እያረሟት፣ ይኸው ዛሬ እንደ ውሃ ታነበዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ ሲማሩ እኛ እናቶች ውጭ እንጠብቃለን። ጥሩብርሃን ልጅ የላትም፤ ግን እኛን ብላ ትመጣና ያነበበችውን በአማርኛ ታወራልናለች። ስለ ደራሲዋም ነግራናለች። የቄስ ልጅ ነበረች፤ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ትጽፍ ነበር፤ ሰው ሲገባ ወረቀቷን ትሸፍናለች ይባላል። መጽሐፏ ሲታተም ስሟ የለበትም፤ አንዲት ሴት ጻፈችው ነው የሚለው።

ተረበኛዋ ሀዋ፣ "ስሟን ከደበቀች እንግዲህ ሐሜት ነው የጻፈችው" አለች።

"ሐሜትስ ሐሜት ነው" አለች ጥሩብርሃን እየሳቀች። "ግን ይኸው ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት አልፎም ሰው ያሳሳቃል። ያንቺ ከሰኞ አያልፍ።"

ባለፈው ጥቅምት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከጎረቤት ከተማ ከታኮማ መጡባት። ዋናው ጋሽ ተክለሃይማኖት ነበሩ። የላካቸው ጸጋዘኣብ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ወደብ ላይ የሚሠራ፣ ክፉ ስም የሌለው ሰው። እኔ ሻይ ላቀርብ ገብቼ ነበር። ጋሽ ተክለሃይማኖት ቤቱ ሰፊ መሆኑን፣ ከእንግዲህ ሰው መጦር እንደማያስፈልጋት፣ ታኮማ ገብታ እንደምታርፍ በዝርዝር ነገሯትና፣ "እህሳ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?" አሏት።

አንገቷን እንደደፋች "እሺ፣ አባቴ" አለች።

ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው መረቁ። እኔም አሜን አልኩ።

መኪናቸው ድረስ ሸኝተናቸው ስንመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ደስታው መስሎኝ ነበር።

"አገሬ" አለችኝ በስሜ ጠርታ፣ "እሺ ያልኩት እኮ ሰማሁ ለማለት ነው።"

የእኛ እሺ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዶክተሩን እሺ እንለውና መድኃኒቱን አንውጠውም። የጠራንንም ሰው እሺ ብለን እንቀራለን። ሽማግሌ ፊት የወጣ እሺ ግን ሌላ ነው፤ ምርቃት ገብቶበታል። ፈራሁላት። ሰውየው ደግ ነው፣ ብቻሽን ከምታረጂ እንዳለ ተዪው አልኳት። እሷም ሰውየውን እንዳልጠላችው ነገረችኝ። ብቻ ጠዋት ስትነሳ ወዴት እንደምትሄድ ራሷ ናት የምትወስነው። ባልቴቷ አሉ፣ መጽሐፉ አለ፣ እኛም አለን። ይህን ሁሉ ለማረፍ ብላ እንዴት ትስጥ?

ያን ጊዜ ነው ቅዳሜ ላይ አውርታልን የማታውቀውን የነገረችኝ። ደራሲዋንም አንድ የባለ ርስት ልጅ ለጋብቻ ጠይቋት ነበር፤ የጓደኞቿ ወንድም። ማታ እሺ አለች። ጠዋት ሐሳቧን ለውጣ፣ አይሆንም ብላ፣ በኀፍረት በሠረገላ ከቤታቸው ወጣች። መጻሕፍቷ የታተሙት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ለሁላችን አልነገርሽንም ብላት፣ ሀዋ እንዳትስቅባት ነው አለች።

"እኔ የማስበው ማታውን አይደለም" አለችኝ። "ጠዋት ደረጃውን ስትወርድ እግሯ እንዴት እንደታዘዘላት ነው።"

እንግዲያውስ ጋሽ ተክለሃይማኖትን ኮል አድርጊያቸው፣ እሳቸው ይንገሩት አልኳት። ወጉም ይኸው ነው፤ በሽማግሌ የመጣ በሽማግሌ ይመለሳል። እኔ ብሆን ያንንም አላደርግ፤ ስልኬን አጥፍቼ እተኛ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"እሺውን በሰው አፍ ነው የሰማው። እምቢውን እንኳ ከእኔ ይስማ።"

በማግሥቱ ጠዋት መጀመሪያ ለጋሽ ተክለሃይማኖት ደውላ ይቅርታ ጠየቀች፤ እንደተቆጧት አልደበቀችኝም። ከዚያ በባስ ታኮማ ሄዳ በሩን አንኳኳች። ጸጋዘኣብ ለሥራ ለብሶ ነበር። ፊቱ በርቶ፣ ግቢ፣ ቁርስ እንብላ አላት። እሷ ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ "ከእርስዎ ምንም ነውር አላየሁም፤ ግን አላገባም። ይህን ከሌላ እንዳይሰሙት ብዬ ነው የመጣሁት" አለችው። ይቆጣትም እንደሆነ ይቆጣት ብላ፣ መልሱን ሳትሰማ ላለመሄድ እዚያው ቆማ ጠበቀች።