ቁልቁለት ላይ የምትቆመው ጂፕ

ጋራዡ በር ላይ ሻይ እሸጣለሁ። እኔ ቁጭ ማለት አምሮኝ ስውል፣ እኚህ ሽማግሌ ዱካ ባቀርብላቸውም አይቀመጡም። ቆመው እየጠጡ ጆሯቸው አሮጌዋ ጂፓቸው ዘንድ ነው። እንቢ ካለች ተንከባላ እንድትነሳ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ያቆሟታል፤ ከጎማዋ ፊት ድንጋይ ያደርጋሉ። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ ንጹሕ አንሶላ የለበሰ ፍራሽ ተነጥፎበታል።

«አባባ፣ ይቺን እኮ ጡረታ ያውጧት» ይላቸዋል መካኒኩ።

«መጀመሪያ እኔ ልውጣ።»

ዛሬ ጠግኖ አስነሳላቸው።

«አጥፋና ድገማት» አሉት።

ደገማት።

«አሁንም።»

«ኧረ አባባ፣ ሠራች እኮ!»

«ልጄ በዚህ ሳምንት ትወልዳለች» አሉ አንሶላውን እየዳበሱ። «እናቷን ሐኪም ቤት ስወስድም ከደጅ ተነስታልኝ ነበር። ወንዙ ዳር ነው ሞተሩ የጠፋው።»

መካኒኩ አጥፍቶ እንደገና ቁልፉን አዞረ። እኔም ማንቆርቆሪያዬን አስቀምጬ ሞተሩን ማዳመጥ ጀመርኩ።