ሮኬቱ ከመተኮሱ በፊት የነበረው ውኃ

ሜልበርን፣ ላቨርተን ኖርዝ ባለው ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ግሬግ ጨበጠኝና መዳፉን ወደ አፍንጫው ወስዶ አሸተተ። «ሽቶ ተቀብተሻል» አለኝ። ለአዲስ ሥራ ሽቶ ያልተቀባ ሰው ለመቼ ሊቀባ ነው? ታጠቢና ተመለሺ አለኝ። ታጥቤ ስመለስ እንደገና አሸተተና እንደገና ላከኝ። በመጀመሪያው ቀን ከእጅ መታጠቢያው ሌላ ብዙም የጎበኘሁት ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ምክንያቱን አስረዳኝ። ሥራችን የውኃ፣ የአፈርና የደለል ናሙና መሰብሰብ ነው። ላብራቶሪው የሚፈልገው ብክለት ኢምንት ስለሆነ ከሰብሳቢው ገላ የሚተርፍ ቅባት ውጤቱን ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ መስክ በሚወጣበት ቀን ሽቶ፣ ሎሽን፣ የፀሐይ ክሬም የሚባል ነገር የለም። መኪናው ነዳጅ የሚሞላው በዋዜማው ነው። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ አዲስ ጓንት ይጠለቃል። «እዚህ ሥራ ላይ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ራስሽን ነው» አለኝ። እኔ ከአገሬ የኬሚስትሪ ዲፕሎማ ይዤ መጥቼ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ። ኬሚስትሪ ወዳለበት ያስጠጋኝ እንጂ ራሴን መጠርጠር ምን ይከብደኛል?

በረዳት ናሙና ሰብሳቢነት ጀመርኩ፣ ናሙና ሰብሳቢ ሆንኩ፣ ከዚያ የመስክ ቡድን መሪ። የምዕራብ ሜልበርንን ጅረቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አሁን ሰው ቤት ሠርቶ የሚኖርበት ስንት መሬት አለ፣ አፈሩን ቆፍሬ ጠርሙስ ውስጥ የከተትኩት! በሥራዬ ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን ለማለት አላፍርም።

ቡድን መሪ በሆንኩ በዓመቱ ግሬግ አዲስ ረዳት መደበልኝ። ጋሼ ታደለ ይባላሉ፤ ፖይንት ኩክ የሚኖሩ፣ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው። በስደተኝነት መጥተው ለብዙ ዓመታት የሌሊት ሺፍት ሲሠሩ ወገባቸው አልችል ሲል ነው ወደ እኛ የመጡት። በወረቀት እኔ አለቃ ነኝ። በተግባር ግን በሩን የምከፍትላቸው እኔ፣ ከባዱን የበረዶ ሣጥን ከእጃቸው የምነጥቅ እኔ። «ጋሼ፣ እባክዎ ያን ጠርሙስ ያቀብሉኝ» እያልኩ አዛዥ ሆንኩ። ግሬግ ቋንቋውን ባያውቅም አነጋገሬን ሰምቶ «ከሁለታችሁ ማነው አለቃ?» እያለ ይስቅብን ነበር።

መንገድ ላይ መዝሙር እየተፈራረቅን እናዳምጣለን። አንድ ጊዜ የእሳቸው የተዋሕዶ፣ አንድ ጊዜ የእኔ። «የእናንተ የጴንጤዎች መዝሙር ያስቸኩላል፤ በፍጥነት መንዳት ያስቀጣናል» ይሉኝ ነበር። «የእናንተ ደግሞ ያስተኛል፤ ገደል እንዳይከተን» እላቸዋለሁ። እንዲህ እየተነቋቆርን የማንደርስበት አልነበረም።

በፈረንጆቹ 2010ዎቹ መጨረሻ አካባቢ አንድ ትንሽ የሮኬት ኩባንያ ከሜልበርን በስተምዕራብ፣ የአንድ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ባሕር ዳርቻ ላይ ማስወንጨፊያ ሊሠራ ተነሣ። ሮኬት ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ያያል። የእኛ ሥራ ወደ ታች ማየት ነው። ሞተሩ ሲቀጣጠል እሳቱን ለማብረድ ከሥሩ ብዙ ውኃ ይለቀቃል፤ ያ ውኃ የነዳጅና የብረት ትራፊ ይዞ ወደ ተዳፋቱ ይወርዳል። ድምፁ አሸዋ ላይ እንቁላል የሚጥሉትን ትንንሽ ወፎች ከጎጆአቸው ያባርራል። ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ቦታው ምን ይመስል እንደነበር በቁጥር ማስቀመጥ የእኛ ድርሻ ነበር። ዕድሉ ደግሞ አንዴ ብቻ ነው። ሞተሩ አንዴ ከተቀጣጠለ «በፊት» የሚባለውን ውኃ ማንም መልሶ አያገኘውም።

ከማስወንጨፊያው በታች፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ፣ ሎረን የምትባል ሴት ኦይስተር ታረባለች። ኦይስተር በዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ ውኃውን እያጣራ የሚበላ ፍጥረት ነው፤ ውኃው ውስጥ ያለው ሁሉ እሱም ውስጥ ይገኛል። ሎረን ጀልባዋን አቁማ አጠገባችን መጣች።

«እናንተ የእነሱ ሰዎች ናችሁ?» አለች።

«የሚከፍሉን እነሱ ናቸው፤ ውኃው ግን የማንም አይደለም» አልኳት።

«አንድ ቀን ኦይስተሬ ነዳጅ ነዳጅ ቢል፣ ከነሱ መምጣቱን የሚመሰክርልኝ ይሄ ጠርሙስሽ ብቻ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋሼ ታደለ ምን እንዳለች ጠየቁኝና ነገርኳቸው። «አደራ አለችን በያ» አሉ።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ነፋሱ የባሕር ጨው እያመጣ ፊታችንን ይገርፈናል። ከወንዙ አፍ፣ ከዳርቻው፣ ለማነጻጸሪያ ደግሞ ራቅ ካለ ሌላ ዳርቻ ናሙና ወሰድን። በደንቡ መሠረት ባዶ ናሙናም አዘጋጀን። ባዶ ናሙና ማለት ከላብራቶሪው የመጣ ንጹሕ ውኃ እዚያው መስክ ላይ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚመለስ ነው። እሱ ውስጥ ብክለት ከተገኘ ብክለቱ የመጣው ከእኛ እንጂ ከቦታው አይደለም። ጠርሙሶቹን በረዶ ውስጥ አድርገን ተመለስን።

ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም ውስጥ የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ተገኘ። በወንዙ አፍም፣ በሩቁ ዳርቻም፣ በባዶው ናሙናም። ላብራቶሪ ደወልኩ። ኬሚስቷ «የሮኬት ኬሮሲን አይደለም፤ ከዚያ የከበደ ነው። ለቆዳ የሚቀባ ነገር ይመስለኛል» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። የመኪናችን መሪ ሁልጊዜ ለምን እንደሚያዳልጥ ገባኝ። ጋሼ ታደለ ጠዋት ጠዋት እጃቸው እያበራ ነው የሚመጡት። ቫዝሊን ነው! እሱም የሚሠራው ከነዳጅ ነው። በዚያ እጃቸው ጓንቱን ከሣጥኑ ይመዛሉ፣ ጓንቱ ከውጭ ይቀባል፣ ጓንቱ ክዳኑን ይይዛል።

ግሬግ ቢሮ ስገባ የኩባንያው ተወካይ ብሬት ቀድሞኝ ተቀምጧል። ውጤቱን አይቶ ፊቱ በርቷል። «እንግዲህ ቦታው ቀድሞም ንጹሕ አልነበረም። እንዳለ ጻፉትና ወደ ሞተር ሙከራው እንለፍ» አለ። ሊፈነጥዝ ምንም አልቀረው። ኋላ የሚፈስ ነዳጅ ሁሉ «ድሮም ነበረ» ሊባልለት ነው።

«ባዶው ናሙና ውስጥም አለ። የመጣው ከእኛ ነው» አልኩ።

«ከማን?» አለ ግሬግ። ዓይኑን አልነቀለብኝም።

ስማቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ሰኞ እነግርሃለሁ» አልኩት። ብሬት ሳቀ፤ ግሬግ አልሳቀም። «ሰኞ ብሬትም ይመጣል። ያኔ ማስረጃ ከሌለሽ ሪፖርቱ እንዳለ ይወጣል» አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፖይንት ኩክ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ወይንሸት ሻይ አቀረቡልኝ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ፣ ስለ አየሩ ጠየቅኩ። ሁለተኛውን ሻይ ስጨርስ ጋሼ ታደለ «ሰናይት፣ ነገር ይዘሽ ነው የመጣሽው። ባትዞሪኝ ይሻላል» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስጨርስ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«እጅህ ቆሻሻ ነው እያልሽኝ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ በፍጹም! ቅባቱን ነው እንጂ…»

«ሎሽን አትቀቡ ተባለ። ሎሽን ተቀብቼ አውቃለሁ? ቫዝሊን ሎሽን ነው እንዴ? ቫዝሊን መታጠብ ማለት ነው!»

እትዬ ወይንሸት ደግሞ «እኔ ነኝ የምቀባው። አመዳም እጁን ይዞ ፈረንጅ ፊት ይቁምልሽ? ሚስት የሌለው ይመስል!» ብለው ተቆጡ። ልክ ናቸው፤ እናቴም እንዲያ ነው ያሳደገችኝ። ፊቱና እጁ አመድ መስሎ የሚወጣ ሰው ያልታጠበ ነው። ግሬግ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ደንቡን የጻፈውም ሰው እንደዚሁ። ቫዝሊን ብሎ ስላልጻፈ ጋሼ ደንቡን አልጣሱም። ውኃው ግን ተበላሽቷል።

«ያቺ ኦይስተር የምታረባው ሴትዮ ናት የምትጎዳው። ሪፖርቱ እንዲህ ከወጣ ነገ ነዳጅ ቢፈስባት የሚያምናት የለም» አልኳቸው።

 ጋሼ ታደለ «ለግሬግ ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«የእርስዎን ስም አልጠራሁም። እርስዎ ሳይሰሙ አልነግርም።»

ተነሥተው እስከ በር ሸኙኝ፤ እሺም እምቢም አላሉም። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሰኞ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ስማቸውን ብናገር ከሥራ ይወጣሉ ብዬ ፈራሁ፤ ዝም ብል የሎረን ውኃ በሐሰት ቆሽሾ ይቀራል።

ሰኞ ጠዋት ግሬግ፣ ብሬትና እኔ እንደተቀመጥን በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ታደለ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ገቡ። እጃቸው አመድ መስሏል። ከኪሳቸው የቫዝሊን ብልቃጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና በራሳቸው እንግሊዝኛ ተናገሩ። «የእኔ ነው። በየቀኑ እቀባለሁ። ይሄን መርምሩት። ከውኃው ጋር አንድ ከሆነ፣ ውኃው ንጹሕ ነበር፤ ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ።»

ብሬት ወደ ግሬግ ዞረ። «ይኼ ሁሉ ለአንድ ብልቃጥ ቅባት? ሙከራው ቀን ተቆርጦለታል እኮ።»

ግሬግ ብልቃጡን አንሥቶ ናሙና በሚታሸግበት ፕላስቲክ ውስጥ ከተተው። «ያልፈረምኩበት ሪፖርት ፈቃድ አያሰጣችሁም፤ በዚህ ላይ ደግሞ አልፈርምም። በራሳችን ወጪ ደግመን እንወስዳለን። እናንተ ሙከራውን ትገፋላችሁ» አለ። ብሬት በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ። እኔ ግሬግን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ላብራቶሪው ብልቃጡን መረመረ፤ ውኃው ውስጥ የተገኘው ያው ራሱ ሆነ። ግሬግ ለጋሼ ታደለ አንዲት የቁጣ ቃል አልተናገራቸውም። ደንቡ ላይ «ቫዝሊንና ማንኛውም የቆዳ ቅባት» የሚል መስመር ጨመረና እንዲያነቡት ሰጣቸው፤ እሳቸውም አንብበው «አሁን ተጻፈ» አሉ።

ወደ ዳርቻው ተመለስን። ለብዙ ቀናት ሁለታችንም ቅባት አልነካንም። የጋሼ ጣቶች በብርዱ ተሰነጣጥቀው ነበር። እትዬ ወይንሸት እንዲህ ሆኖ ሲወጣ ሰው ምን ይለኛል ብለው ሲያለቅሱ እንደነበር መንገድ ላይ ነገሩኝ። ክዳን በከፈቱ ቁጥር ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ልቀበላቸው ስል «ተይኝ፣ እኔ ነኝ የምሞላው» አሉኝ። ጠርሙሱ ላይ ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ። በዚህኛው ዙር ውጤቱ ንጹሕ መጣ። ባዶውም፣ የሩቁም፣ የወንዙ አፍም።

የሞተር ሙከራው ተደረገ። ከሙከራው በኋላ ለክትትል ስንሄድ ከማስወንጨፊያው የሚወርደው ውኃ ከቦዩ ሞልቶ ወደ ወንዙ አፍ ፈስሷል፤ ናሙናው ውስጥ ኬሮሲን ተገኘ። ብሬት ስብሰባ ላይ «አካባቢው ድሮም እንዲህ ሊሆን ይችላል» ብሎ ጀመረ። ግሬግ ከሙከራው በፊት የተገኘውን ንጹሕ ውጤት ገፋ አደረገለት። ሌላ ክርክር አልነበረም። ኩባንያው ደለሉን አስጠረገ፤ ውኃውን የሚያግድ ጉድጓድም ቆፍሮ እስኪጨርስ ድረስ ሌላ ሙከራ አላደረገም። ሎረን ውኃው እስኪጠራ ኦይስተር መሸጥ አቁማ ነበር፤ ካሣዋን ተቀብላ ሥራዋን ቀጠለች። አሸዋው ላይ የነበሩት ወፎች ግን በዚያ ዓመት አልተመለሱም። እነሱን የሚመልስ ጉድጓድ የለም።

ከዚያ ስንመለስ ጋሼ ታደለ ተራው የእሳቸው ቢሆንም መዝሙር አልከፈቱም። ጥቂት ከተጓዝን በኋላ እንዲህ አሉኝ። «ሰናይት፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለግሬግ ቀድመሽ ነግረሽው እሱ ጠርቶ ቢጠይቀኝ ኖሮ እክድ ነበር። ምዬ እክድ ነበር። ብልቃጡንም እጥለው ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው። አላውቅም ነበር። የሄድኩት ስለምወዳቸውና ስለማፍራቸው ብቻ ነው።

አሁን እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ እኔም የመስክ ሥራ ትቻለሁ። አዳዲስ ቡድን መሪዎች ናሙና ተበላሽቶ ያበላሸውን ሰው ሲያውቁ ምን እናድርግ ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ ለሰውየው ንገሩት፣ ቀጥሎ ለአለቃው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ሰውየውንም ውኃውንም ታጣላችሁ።